ማታ ማታ ሐምራዊ የሚሆነው ሳሎን፦ የአንድ ቤት የቶፕ ቀለም ጉዳይ

የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «ግድግዳችን ቀን ግራጫ፣ ማታ ሐምራዊ ነው። ነጭ ቀብተን እንገላገል ወይስ መላ አለው?» ጠያቂዋ ከእናቷ ጋር የምትኖር ወጣት ናት። ቤታቸውን አሳድሰው ገና መግባታቸው ነው። ለሳሎኑ፣ ለመመገቢያው ቦታና ለኮሪደሩ የመረጡት ቶፕ የሚባለውን ቀለም ነው። ቶፕ ግራጫና ቡኒ የተዋሃዱበት ቀለም ነው። ቡኒው ግራጫውን ያሞቀዋል፤ ግራጫው ደግሞ ቡኒው እንዳይከብድ ይይዘዋል። ካታሎጉ ላይ ሲያዩት ሞቅ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ዓይን የማይወጋ ነበር። ግድግዳ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ቀለም ሆነ።

ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በቶፕ ላይ የሚሰማው ቅሬታ ሁሉ፣ ሮዝ ሆነብኝ የሚለውም፣ አረንጓዴ መሰለኝ የሚለውም፣ ጭቃ ጭቃ አለ የሚለውም፣ በዚህ አንድ ቤት ውስጥ ተራ በተራ ታይቷል። ቀለሙም ተፈላጊ ነው። ሸርዊን ዊሊያምስ የተባለው የአሜሪካ ቀለም አምራች እ.ኤ.አ. ለ2017 የዓመቱ ቀለም ብሎ የመረጠው «ፖይዝድ ቶፕ» የተባለውን ጠቆር ያለ ቶፕ ነበር። በቀለም መለያ ካታሎጎቹ የሚታወቀው ፓንቶን የተባለ ኩባንያ ደግሞ ለ2025 «ሞካ ሙስ» የተባለ ለስላሳ ቡኒ መርጧል። ሰው ፎቶውን ስልኩ ላይ ያያል፣ ይወደዋል፣ የቀለሙን ስም ይዞ ቀለም ቤት ይሄዳል። የሱ ቤት ግን ፎቶው ላይ ያለው ቤት አይደለም። ወለሉ ሌላ ነው፣ መስኮቱ ሌላ ነው፣ አምፖሉ ሌላ ነው። ቶፕን የመሰለ ለዘብ ያለ ቀለም ላይ ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ከቆርቆሮው ቀለም ይበልጥ ይፈርዳሉ።

ቤቱ ምን ይመስላል

ሳሎኑ ረዘም ያለ ነው። በአንደኛው ጫፍ ወደ ምዕራብ የሚያይ ትልቅ መስኮት አለ። መመገቢያው ያለበት ሌላኛው ጫፍ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ከዚያ የሚነሳው ኮሪደር ጭራሽ መስኮት የለውም። ወለሉ በቫርኒሽ የተወለወለ፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ፓርኬ ነው። በሮቹና በግድግዳው ግርጌ የሚሄደው ዞኮሎ ከዚያው እንጨት የተሠሩ ናቸው። ኮርኒሱ ነጭ ነው፤ ያውም ወደ ሰማያዊ የሚሄደው በጣም ነጩ። ጥቁር ቡኒ የቆዳ ሶፋ አለ። መጋረጃው ገና አልተገዛም።

እናትየዋ ጡረታ ወጥተዋል። አብዛኛውን ቀን መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። ገና ሳልቀመጥ አንድ ነገር አስረግጠው ነገሩኝ። «ፓርኬውንና በሮቹን የሚነካ ሰው እንዳላይ።» ልጅቷ በእናቷ አነጋገር ትንሽ አፈረች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ቤት ውስጥ የማይለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ቁርጡን ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ወለል፣ በር፣ ሶፋ፦ እነዚህ ከቆዩ፣ ግድግዳው ነው ለነሱ መታዘዝ ያለበት። እዚህ ቤት ግን ነገሩ የተሠራው በተቃራኒው ነበር። ግድግዳው ከካታሎግ ተመረጠ፣ ወለሉን ግን ማንም አላማከረውም።

ቀቢው ቅሬታውን ሲሰማ «አንድ እጅ ልድገምበትና ይስተካከላል» ብሏቸው ነበር። አልተስማሙም፤ ባይስማሙ ይሻላል። አዲስ ቀለም ከደረቀ በኋላም ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ጊዜ በደንብ የተቀባ ግድግዳ ሦስተኛ ቢደገምበት ያው ቀለም ነው የሚሆነው። ሐምራዊው በድጋሚ ብዛት አይለቅም።

ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት

ከሰዓት በኋላ ገብቼ መብራት እስኪበራ ድረስ እንድቆይ ጠየቅኳቸው። ቀለምን በአንድ ሰዓት ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ሳለች ግድግዳው ግራጫ ነበር፣ ትንሽ ድብት ያለ። ዝቅ ስትል ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ፓርኬው ላይ ተኛ። ያን ጊዜ ከዞኮሎው በላይ ያለው የግድግዳው ክፍል እስከ ወገብ ድረስ ሮዝና ብርቱካን ተቀላቅሎበት ቀላ። ከዚያ በላይ ያለው ግራጫ እንደሆነ ቀረ። አንድ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ መሰለ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ቅላቱ ጠፋ። ልጅቷ ተነስታ የኮርኒሱን መብራቶች አበራች፤ ሐምራዊውም ወዲያው መጣ። እናትየዋ ከወንበራቸው ሆነው፣ «ይኸው የኔ ልጅ፣ የታመመ ሰው ፊት አይመስልም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ይመስላል።

እንግዲህ ሦስት ነገር ለየብቻ መፈተሽ ነበረበት።

መጀመሪያ ቀለሙ ራሱ። አንድ ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ይህ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው። ዓይን ብቻውን ያየውን ቶፕ «ግራጫ» ይላል፤ አጠገቡ ንጹሕ ነጭ ሲያገኝ ግን ከሥር ያለውን ቀለም ያወጣዋል። ከወረቀቱ ጎን የታየው በግልጽ ሮዝ ነበር። ከዚያ የቆርቆሮው ክዳን ላይ የተለጠፈውን የቅመራ ወረቀት አየን። ቶፕ የሚሠራው ነጭ ቀለም ላይ ጥቂት ጥቂት ማቅለሚያ በመጨመር ነው፦ ጥቁር፣ የብረት ዝገት ቀይ፣ የብረት ዝገት ቢጫ፣ አንዳንዴም ሌላ። የትኛው እንደበዛ ነው የሚወስነው። ቀዩ ከበዛ ቶፑ ወደ ሮዝና ሐምራዊ ያደላል። ጥቁርና ቢጫ ሲገናኙ ደግሞ ወይራ የመሰለ አረንጓዴ ስለሚሰጡ፣ ቢጫው የበዛበት ቶፕ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እዚህ ቆርቆሮ ላይ ቀዩ ነበር የበዛው። ካታሎጉ ላይ በአውራ ጣት መጠን በታተመ ናሙና ይህ አይታይም። ሙሉ ግድግዳ ሲሆን ግን ይጮሃል።

ሁለተኛ ወለሉ። ልጅቷን ግራጫ አንሶላ አስመጣኋትና ግድግዳው ሥር ያለውን ፓርኬ ሸፈንነው። አምፖሉም ቀለሙም ያው ነው፤ የተለወጠው ወለሉ ብቻ ነው። ሐምራዊው ወዲያው ደከመ። አንሶላውን ስንገፈው ተመለሰ። እናትየዋ አላመኑም፤ ራሳቸው ተነስተው አንሶላውን አንዴ እየጎተቱ አንዴ እየመለሱ ደጋግመው አዩት።

ይህን ነገር በሚገባ ያጠናው ሚሼል ኤዥን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ፓሪስ ውስጥ ጎብላን በሚባለው የግድግዳ ምንጣፍ መሸመኛ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ደንበኞች ጥቁሩ ክር ደብዝዟል፣ ማቅለሚያው ጥራት የለውም እያሉ ያማርሩ ነበር። ሼቭረል ክሩን መረመረ፤ ማቅለሚያው እንከን የለበትም። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላው ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ሥራ፣ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን አንዱን ከሌላው ይበልጥ አርቆ እንደሚያያቸው አሳየ። እያንዳንዱ በጎረቤቱ ላይ የራሱን ተቃራኒ ያጠላበታል። የቢጫ ተቃራኒ ሐምራዊ ነው። ደማቅ ቢጫ ፓርኬ አጠገብ የቆመ ግራጫማ ግድግዳ ሐምራዊ መስሎ ይታያል። ከሥሩ ቀይ ያለበት ሲሆንማ ይብሳል። ደማቅ ቀለም ይህን ይቋቋመዋል፣ የራሱ ጉልበት አለውና። ቶፕ ግን የሚኖረው በመሃል ነው፤ ጎረቤቱ ወደፈለገበት ይጎትተዋል።

ከሰዓት በኋላ የታየው ቅላትም ከዚሁ ወለል ነው፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ያኛው የዓይን ሥራ ሲሆን ይህኛው የብርሃን ሥራ ነው። ፀሐይ ቢጫ ፓርኬ ላይ አርፋ ስትመለስ ቢጫ ብርሃን ይዛ ነው የምትመለሰው። ያ ብርሃን የግድግዳውን የታችኛ ክፍል በእርግጥ ያቀላዋል። ስለዚህ ያው ወለል ፀሐይ ስትመታው ግድግዳውን ያሞቀዋል፣ ፀሐይ ስትጠፋ ሐምራዊ ያስመስለዋል። ቤተሰቡን ግራ ያጋባው ይህ ነበር። ቀለሙ የሚዋልል መስሏቸዋል።

ሦስተኛ አምፖሎቹ። አንዱን ፈትተን ብናየው 6500 ኬልቪን ይላል። ይህ ቁጥር የብርሃኑን ቀለም ይናገራል። 2700 አካባቢ ያለው የድሮውን ባለ ክር አምፖል የመሰለ ቢጫማ ሙቅ ብርሃን ነው፤ 4000 መካከለኛ ነው፤ 6500 ደመናማ ቀን ላይ ያለውን ሰማያዊነት ይዞ ይመጣል። ሰማያዊ ብርሃን ከሥሩ ቀይ ያለበት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ሐምራዊ ነው የሚታየው። ከልጅቷ መኝታ ቤት የጠረጴዛ መብራት አመጣንና የኮርኒሱን አጥፍተን አበራነው። ሙቅ ብርሃን ነበር። ሐምራዊው አብዛኛው ሄደ። ሙሉ በሙሉ ግን አልሄደም።

ጥፋተኛው አንድ ቢሆን ሥራው በቀለለ ነበር። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፉ ነበር፦ ቀይ ያለበት ቀለም፣ ቢጫ ወለል፣ ሰማያዊ መብራት።

ነጭ ይሁን?

ልጅቷ ነጭ ይሁን ወደሚለው አዘነበለች። በሥራዬ በብዛት የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከቀለም ጋር ሲጣላ ወደ ነጭ ይሸሻል። ነጭ ግን ከችግር ማምለጫ አይደለም፤ እሱም ከሥሩ ሌላ ቀለም አለበት። በዚያ ቢጫ ወለል አጠገብ ኮርኒሱን የመሰለ ነጭ ግድግዳ ቢቆም ሰማያዊ ብርድ ይሆናል፣ ፓርኬውም ይብስ ቢጫ ይመስላል። ከሁሉ በላይ ግን የእናትየዋ ነገር ነበር። ወንበራቸው ምዕራባዊው መስኮት አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በነጭ ግድግዳ ላይ ስትንጸባረቅ ለንባብ የሚመች ብርሃን አይደለም። መጀመሪያም ቶፕን የወደዱት እሳቸው ነበሩ፣ ዓይናቸውን ስለሚያሳርፍላቸው። ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም። ቤቱ ውስጥ ብዙ የሚቀመጠው ሰው የሚፈልገውን ቀለም መተው አልፈለግኩም።

የተስማማነው በዚህ ነው። መጀመሪያ አምፖሎቹ ይቀየሩ፤ በዚያ ብርሃን ጥቂት ጊዜ ይኑሩበት። ካልበቃ ወደ ሌላ ቶፕ እንሄዳለን።

አምፖሎቹን በሙሉ ባለ 3000 ኬልቪን አደረግናቸው። 2700 ያላደረግነው ለወለሉ ስንል ነው፤ በዚያ ብርሃን ፓርኬው ብርቱካን ሆኖ ቤቱን ይውጠው ነበር። ሌላም ቁጥር አለ፤ ሰው ብዙ አያየውም። ሲአርአይ ይባላል። አምፖሉ የዕቃዎችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 ይለካል። ተራው ኤልኢዲ 80 አካባቢ ነው። 90 እና ከዚያ በላይ ያለውን ፈልጉ አልኳቸው። ቶፕን ቶፕ የሚያሰኘው በጣም ትንሽ ቀይና ቢጫ ነው፤ ዝቅተኛው አምፖል ያችን ነው የሚበላት። አንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ኬልቪን መደባለቅም አይበጅም። ግድግዳው በየመብራቱ ሥር ሌላ ሌላ ይሆናል።

ምሽቱ ተሻለ። ደመና ሲሆንና ማለዳ ላይ ግን፣ በተለይ በመመገቢያው ጥግ፣ ሐምራዊው አለሁ ይል ነበር። አምፖል የቀኑን ብርሃን አይቀይርም። ስለዚህ ቀለሙ መቀየር ነበረበት።

አዲሱን ቶፕ ፍለጋ

ያደረግነው ምርጫ ከወለሉ ይጀምራል። ፓርኬው ግድግዳውን ወደ ሐምራዊ የሚጎትተው ከሆነ፣ ከሥሩ ትንሽ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ ቶፕ ያስፈልገናል። ያኔ ጉተታው መሃል ላይ ያደርሰዋል። ለብቻው ካታሎግ ላይ ሲታይ እንዲህ ያለው ቶፕ አያምርም። ልጅቷ ስታየው «ይሄማ ወታደር ልብስ ነው» አለች። ዝም ብለሽ አምጪው አልኳት።

ናሙናውን ግድግዳው ላይ አልቀባንም። ሐምራዊማ ግድግዳ መሃል የተቀባ ትንሽ ናሙና ዙሪያው ባለው ቀለም ይታለላል፤ ሼቭረል ያለው ነገር እዚህም ይሠራል። ሰፋፊ ካርቶኖች ወስደን ነጭ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ማለት ነው፣ ካስነካናቸው በኋላ አራት ናሙናዎችን ሁለት ሁለት እጅ ቀባን። ካርቶን ጥቅሙ ይዘዋወራል። ዞኮሎው ላይ አስደግፈን፣ ሶፋው ጀርባ አቁመን፣ መመገቢያው ጥግ፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ማለዳ፣ ቀትር፣ ምሽት አየናቸው። ሁልጊዜ ግን ቀጥ ብለው እንደቆሙ። ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ናሙና የኮርኒሱን ብርሃን ስለሚቀበል ከግድግዳው ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ሁለት ካርቶኖችንም እንደ መጽሐፍ ገልጠን ማዕዘን ሠራንባቸው። ጥግ ላይ ሁለት ግድግዳዎች ብርሃን ስለሚቀባበሉ ቀለሙ ይጠነክራል። ናሙና ላይ ለስለስ ያለው ቢጫ ጥግ ላይ ሲገባ ጎላ ይላል።

አንደኛው ናሙና በቢዥ ወገን ነበር። ቀን ላይ ፓርኬው ውስጥ ሟሟ፤ ግድግዳና ወለል ተመሳስለው ክፍሉ ጭቃ ጭቃ አለ። ሌላው ገና ከሥሩ ሮዝ ነበረበት፤ ጣልነው። የቀሩት ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ያለ። እናትና ልጅ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ጠቆር ያለውን ፈለገች፣ ፎቶ ላይ ያየችው እንደዚያ ነበርና። እናትየዋ ነጣ ያለውን። ቆርቆሮው ወይም ካታሎጉ ላይ ኤልአርቪ የሚባል ቁጥር ይጻፋል፤ ቀለሙ የሚመልሰውን ብርሃን መጠን ይናገራል፤ 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ። ነጣ ያለው ቶፕ 50 አካባቢ ነበር፣ ጠቆር ያለው ከ35 በታች። መስኮቱ ያለበት ጫፍ ሁለቱንም ይችላል። መመገቢያው ግን ፀሐይ የማያገኝ ስለሆነ ጠቆር ያለው እዚያ ቡኒነቱ ጠፍቶ ከሰል ይመስላል። ካርቶኑን እዚያ ወስደን አቆምነው። ልጅቷ ብዙም ሳትከራከር ወደ እናቷ ሐሳብ መጣች።

«ወታደር ልብስ» የተባለው ቶፕ ፓርኬው አጠገብ ሲቆም አረንጓዴነቱ አልታየም። ሞቅ ያለ፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚል ግራጫማ ቡኒ ሆነ። ልጅቷ ካታሎጉ ላይ ያለውን ቁራጭ ከካርቶኑ ጋር እያስተያየች አንድ ቀለም መሆናቸውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

ስለ ኮሪደሩ ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር፣ መስኮት ስለሌለው በነጭ ይቀባ የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ብርሃን የሌለበት ነጭ ግድግዳ ብሩህ አይሆንም፣ አመድ ነው የሚሆነው። ቶፑን እስከ ኮሪደሩ ጫፍ አስቀጠልነውና ግድግዳው ላይ ሁለት መብራት ጨመርን። ቤቱ አንድ ሆነ።

ኮርኒሱን ግን ቀየርነው። በጣም ነጩ በቶፕ አናት ላይ ስለት ያለው መስመር ይሠራ ነበር። ነጭ ቀለም ውስጥ ከግድግዳው ቶፕ ትንሽ ጠብ አድርገን ቀላቀልን። ሲታይ ነጭ ነው፤ ከግድግዳው ጋር ግን ይግባባል።

ቅቡ

የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብላ ግድግዳውን በጎን ስትጠርገው እያንዳንዱን እብጠት ታሳያለች። ስለዚህ ሳሎኑን ማት፣ ምንም የማያብለጨልጭ አደረግነው። እጅና ቦርሳ የሚነካው ኮሪደር ደግሞ መጥረጊያ እንዲችል ሳቲን፣ በመጠኑ የሚያብለጨልጨው፣ ይሁን ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀድሜ ነገርኳቸው፤ ያው ቀለም በማትና በሳቲን አንድ አይመስልም፤ ሳቲኑ ጠለቅ ይላል። ስለዚህ መለያያው ጥግ ላይ እንዲውል አደረግን እንጂ ግድግዳ መሃል ላይ አልተውነውም።

ግድግዳው በብርጭቆ ወረቀት ሸርተት ተደረገ፣ አቧራው ተጠረገ። በስቱኮ የተጠገኑት ቦታዎች ብቻቸውን ፕራይመር ተቀቡ። ይህ ከተዘለለ ስቱኮው ቀለሙን ይመጠዋል፤ በቶፕ ላይ ደግሞ ያ ቦታ ከሩቅ የሚታይ ደብዛዛ መጣፊያ ይሆናል። ከዚያ የሳሎኑ ቆርቆሮዎች በሙሉ አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ተገልብጠው ተደባለቁ። ማሽን ቢቀምመውም በቆርቆሮና በቆርቆሮ መካከል ጥቂት ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለ ስስ ቀለም ላይ ጥቂቱም ይታያል።

የመጀመሪያው ሮለር ሲያርፍ እናትየዋ ደነገጡ። «ነጣ አለብኝ! ይሄ የመረጥነው አይደለም።» ልጅቷም ወደ እኔ ዞረች። በውሃ የሚቀጠን ቀለም እርጥብ ሲሆን ነጣ ይላል። ማያያዣው ውሃ ውስጥ ተበትኖ ሳለ ወተት ይመስላል፤ ውሃው ሲተን ይጠራል፣ ቀለሙም ጠቆር ይላል። በእርጥቡ የሚፈርድ ሰው ሥራውን ያስቆምና የተሳሳተ ቀለም ያስጨምራል። እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እስኪደርቅ ጠበቁ። የደረቀውን ካርቶን አምጥተን ግድግዳው ላይ አሳረፍነው። ጠርዙ እስኪጠፋ ድረስ ገጠመ። ሁለተኛው እጅ ሲደገም ምንም አላሉም።

ከቅቡ በኋላ

መጋረጃ ላይ ልጅቷ የግድግዳውን ቀለም ቁርጥ ያለ ጨርቅ ፈለገች። ናሙናውን ቤት አስመጣናት። ቀን በመስኮቱ ብርሃን ፍጹም ገጠመ። ማታ መብራት ሲበራ ጨርቁ አረንጓዴ ሆነ፣ ግድግዳው ግን ባለበት ቆየ። ጨርቁና ቀለሙ የተሠሩበት ማቅለሚያ ስለሚለያይ በአንዱ ብርሃን ሊገጥሙ፣ በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ከቶፕ ጋር አንድ ዓይነት ለማድረግ መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ከግድግዳው በግልጽ ነጣ ያለ ክሬም በፍታ ወሰድን። ልዩነቱ ታስቦበት የተደረገ መሆኑ ስለሚታይ አይረብሽም።

ከሁሉ ይበልጥ የሠራልን ግን ምንጣፉ ነው፣ ገና ሲነጠፍ ነው የታየው። ደብዘዝ ያለ ሰማያዊማ ግራጫ፣ ሸካራ ሽመና ያለው ምንጣፍ፣ ፀሐይ በምታርፍበት በመስኮቱ ፊት ለፊት ተነጠፈ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ያቀላ የነበረው ቢጫ ብርሃን ምንጩ ተሸፈነ። ፓርኬውም በምንጣፉ ዙሪያ እንደ ፍሬም ቀርቶ ይበልጥ አማረ። አስቀድሜ ባየው ኖሮ ከአምፖሎቹ ጋር አብሬ እሞክረው ነበር። ሸካራነቱም ለክፍሉ ያስፈልገው ነበር። ቶፕ ግድግዳ፣ ቆዳ ሶፋ፣ የተወለወለ ወለል፦ ሁሉም ልስልስ ሲሆኑ ክፍሉ ይተኛል። በተረፈ ቀጫጭን ጥቁር የሥዕል ፍሬሞች ተሰቀሉ፤ ሌላ ብዙ አልጨመርንም።

ሁሉም ነገር አልተፈታም። ፀሐይ ስትጠልቅ ምዕራቡ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ አሁንም ለጥቂት ጊዜ ይቀላል። የምትጠልቅ ፀሐይ ብርሃን ራሱ ቀይ ነው፣ የትኛውም ቶፕ አያስቀረውም። እናትየዋ ያቺን ሰዓት ወደዋታል። መመገቢያው ጥግ ደመና ሲሆን ከሳሎኑ ይልቅ ግራጫ ነው። ሐምራዊው ግን የለም፣ ቀንም ማታም።

ከመጀመሪያው ሮዝማ ቶፕ ያልተከፈቱ ቆርቆሮዎች ተርፈው ነበር። ልጅቷ ሰው ልትሰጣቸው ፈለገች። ከዚያ በፊት የጀርባውን መኝታ ቤት አሳየችኝ። ወለሉ ግራጫ ሴራሚክ ነው። መስኮቱ ፊት ለፊት ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ብርሃኑ በቅጠሉ ተጣርቶ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚገባው። አዲሱን ቶፕ በካርቶን አቆምነው። እዚያ እውነትም ወታደር ልብስ ሆነ። ከዚያ የድሮውን ቀብተን አቆምን። አረንጓዴው ብርሃንና ሮዙ ተቀናንሰው፣ መጀመሪያ ካታሎጉ ላይ የወደዱት ሞቅ ያለ፣ ረጋ ያለ ቶፕ ሆኖ ታየ። ክፍሉ በዚያው ተቀባ።

ሁለቱም ቀለሞች አሁን አንድ ቤት ውስጥ አሉ። በየክዳኑ ላይ የክፍሉን ስም፣ የቅመራውን ቁጥርና ማት ይሁን ሳቲን በእስክሪብቶ ጽፈንበታል፤ ለመጠገኛ ሲፈለግ አንዱ በአንዱ ቦታ እንዳይገባ።